የወይን ጠባቂዋና የቀትር ፀሐይ

የጥቁር ሰው ቆዳ ለፀሐይ የተፈጠረ ስለሆነ ፀሐይ አትጎዳውም የሚለው አስተያየት በገጠርም በከተማም ሲነገር የሚሰማ፣ ሲነገርም ማስረጃ የማይጠየቅበት አስተያየት ነው። አስተያየቱ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ላይ ቋጥሮ ይዟል፤ አንደኛው ቆዳ ምን ያህል ይከላከላል የሚለው የተፈጥሮ ሳይንስ ሊመልሰው የሚችለው ጥያቄ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ለሰው በተፈጥሮው የተሰጠው መጠበቂያ ሌሎች ሰዎችን እርሱን ከመጠበቅ ግዴታ ነጻ ያወጣቸዋልን የሚለው፣ በሃይማኖትና በፍልስፍና ካልሆነ በቀር በላቦራቶሪ የማይፈታው ጥያቄ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሳይጠራ ሁለተኛው ስለማይጠራ ከዚያ መጀመር ግድ ይሆናል።

ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሚሠራውም በቆዳ የላይኛው ሽፋን ግርጌ በሚገኙ ልዩ ሕዋሳት ነው። የእነዚህ ሕዋሳት ቁጥር በጥቁሩም በነጩም ሰው ዘንድ ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከሚሠሩት የሜላኒን መጠንና ዓይነት፣ እንዲሁም ሜላኒኑ በአጎራባች ሕዋሳት ውስጥ ከሚሠራጭበት አኳኋን ነው። ሜላኒን በሕዋሱ አስኳል፣ ማለትም የዘር መረጃ በተቀመጠበት ክፍል አናት ላይ እንደ ባርኔጣ ተደፍቶ፣ አልትራቫዮሌት የሚባለውን ዓይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ይመክትለታል። የጥቁር ቆዳ ባርኔጣ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት የጥቁር ሰዎች የላይኛው የቆዳ ሽፋን ቃጠሎን የመከላከል ዐቅም በአማካይ 13.4፣ የነጮቹ ደግሞ 3.4 ሆኖ እንዳገኘው መዝግቧል። ስጦታው እንግዲህ እውነተኛ ነው፤ ዳሩ ግን የቆዳ ሐኪሞች የሚመክሩት የፀሐይ መከላከያ ቅባት በዚሁ መለኪያ ቢያንስ 30 በመሆኑ፣ የተፈጥሮው ባርኔጣ ለብቻው የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

የአዲስ አበባው አቃቂ ቃሊቲ ይህ ልክ በየቀኑ የሚፈተንበት ስፍራ ነው። ክፍለ ከተማው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በአቃቂ ወንዝ ዳር የቆመ ሰው የሚቀበለው ጨረር በባሕር ጠረፍ በተመሳሳይ ኬክሮስ ላይ ከቆመው ሰው ይበልጣል። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናትና ነሐሴ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ በቀትር ቀጥ ብላ በአናት ላይ ትሆናለች፤ የነሐሴዋን ብዙ ጊዜ ደመና ሲጋርዳት የሚያዝያዋን ግን የሚጋርዳት ያነሰ ነው፤ ሰማዩ ሲጠራም ጨረሩ የዓለም ጤና ድርጅት በአልትራቫዮሌት መለኪያው 11 እና ከዚያ በላይ ብሎ እጅግ ከፍተኛ ከሚለው ደረጃ ይደርሳል። ሰውን የሚያታልለው የደጋው ነፋስ ነው። ሙቀትና አልትራቫዮሌት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነፋሱ ሙቀቱን ሲያበርድ ጨረሩን አይቀንሰውም፤ ሰውዬው ስላላላበው ብቻ ፀሐይ ያልነካችው ይመስለዋል።

የጉዳቱ ምልክትም ራሱ ተሰውሯል። ስለ ፀሐይ ቃጠሎ በዓለም የተጻፈው አብዛኛው ነገር ምልክቱ የቆዳ መቅላት ነው ይላል፤ መቅላት ግን በጥቁር ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም። የሚኖረው ምልክት ቆዳው መጋሉ፣ ሲነካ ማመሙ፣ መወጠሩ፣ ከቀናት በኋላም አፍንጫና ግንባር ላይ መላጡና ያ ስፍራ ከዙሪያው ይልቅ መጥቆሩ ነው። በቃሊቲ ጉምሩክ ዙሪያ ተራ ሲጠብቁ የሚውሉት የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች፣ መሪው በግራ በኩል በመሆኑ፣ በመስኮቱ ላይ የሚያሳርፉት ግራ ክንዳቸው ከቀኙ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ መስኮቱ ቢዘጋ እንኳ መስታወት የሚያስቀረው ቆዳን ቶሎ የሚያቃጥለውን ጨረር እንጂ ወደ ውስጥ ጠልቆ ቆዳን የሚያስረጀውን ስላልሆነ ልዩነቱ አይጠፋም። ጨረሩ የዓይን ሞራን ከሚያፋጥኑ ምክንያቶችም አንዱ ነው፤ ለዓይን ደግሞ የቆዳ ጥቁረት ምንም አያደርግለትም።

የአገሬው እውቀት ግን ፀሐይ እንደምትጎዳ ረስቶ አያውቅም። ምች የሚባለው፣ ላብ ያጠመቀውን ሰው ፀሐይ ሲመታው ይይዘዋል ተብሎ የሚታመነው፣ በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በከንፈር ቁስል የሚታወቀው ሕመም ለዚህ ምስክር ነው፤ መድኃኒቱም ተጨምቆ የሚጠጣውና የሚቀባው ዳማከሴ ነው። ዘመናዊው ሕክምና የከንፈሩን ቁስል የሚያመጣው በነርቭ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ መሆኑን፣ ይህንም ቫይረስ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ የፀሐይ ጨረር መሆኑን ስለሚያስተምር፣ ፀሐይ መታው የሚለው የእናቶች አነጋገር ከተራ አጉል እምነት ሊቆጠር አይገባውም። እንግዲህ ጥቁር ቆዳ አይጎዳም የሚለው አስተያየት የጥንት ጥበብ መስሎ ቢቀርብም፣ ከጥንቱ ጥበብ ጋር እንኳ አይስማማም።

በሌላ በኩል እውነቱን ያለ ልክ ማስፋትም ስሕተት ነው። ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሰዎች ላይ እምብዛም አይገኝም፤ ሲገኝም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ፀሐይ ከማያገኛቸው ከውስጥ እግር፣ ከመዳፍና ከጥፍር ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ ያረፈው፣ ኢትዮጵያን በመዝሙሩ ያከበረው ቦብ ማርሌ የሞተበት ሕመም ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የጀመረ ሜላኖማ ነበር። ሰውነትም ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ ፀሐይ ያስፈልገዋልና ሕፃናትን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ መልካም ልማድ ነው። ክርክሩ እንግዲህ ፀሐይን ጠላት ለማድረግ የሚቀርብ አይደለም።

የጥያቄው ሥር የሚገኘው በአገሪቱ ስም ውስጥ ነው። አገራዊው ትውፊት ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ከኩሽ ልጅ ከኢትዮጵስ ሲያመጣው፣ የግሪክ ቃል አጥኚዎች ብዙዎቹ ግን ማቃጠልና ፊት ከሚሉ ሁለት ቃላት የተጋጠመ፣ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ማለት ነው ይላሉ። ግሪኮችና ሮማውያን ጥቁረትን እንደ ቃጠሎ ጠባሳ ማየታቸው በተረታቸውም ይታያል፤ የሮማው ባለቅኔ ኦቪድ የፀሐይ ልጅ ፋኤቶን የአባቱን ሠረገላ ወደ ምድር አስጠግቶ በነዳ ጊዜ ኢትዮጵያውያን ጠቆሩ ብሎ ጽፏል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ኦሪጀንም የኢትዮጵያውያንን ጥቁረት ከፀሐይ ሐሩር መጥቶ በዘር የተላለፈ አድርጎ ተርጉሞታል። የዛሬው የሰው ዘር ጥናት ነገሩን ይገለብጠዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ኒና ጃብሎንስኪና ጆርጅ ቻፕሊን ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ጥቁር ቆዳ የተስፋፋው ፎሌት የሚባለውን፣ ለፅንስ አፈጣጠር እጅግ አስፈላጊ የሆነውን ቫይታሚን ከጨረር ስለሚያድን ነው። ጥቁረት ቃጠሎ የተወው ጠባሳ ሳይሆን ቃጠሎን ያስቀረ ጥላ ነው ማለት ነው፤ በእምነት ቋንቋም ቢነገር በእናት ማኅፀን ላለው ልጅ ሳይቀር የታሰበለት ስጦታ ነው።

ይህን ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ጠልቆ የሚነካው መጽሐፍ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ነው። በኢትዮጵያ ይህ መጽሐፍ ከመዝሙረ ዳዊት ጋር በአንድ ጥራዝ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ዳዊት የደገመ ሁሉ ስለ ጥቁረቷ የምትናገረውን ሙሽራ ያውቃታል። በዕብራይስጡ ጥቁረቷንና ውበቷን የሚያያይዘው አንድ ፊደል ‹እና›ም ‹ግን›ም ተብሎ ሊተረጎም ይችላል፤ የግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት ትርጉም የመጀመሪያውን፣ የላቲኑ ትርጉም ሁለተኛውን መርጠዋል፤ ከዚህች ከአንዲት ፊደል ምርጫም የብዙ ዘመን ንቀት ተመዝዟል። ይሁን እንጂ ተርጓሚዎች በፊደሏ ሲከራከሩ ከዚያው ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ሳይታይ ያለፋቸው ይመስላል። ሴቲቱ ፀሐይ ያገኘቻት ወንድሞቿ ተቆጥተው የወይን ቦታ ጠባቂ ስላደረጓት መሆኑን፣ የሌላውን ወይን ስትጠብቅ የራሷን ወይን አለመጠበቋን ትናገራለች። የቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ ይህን ስለ ነፍስና ስለ ቤተ ክርስቲያን ማንበቡ የታወቀ ነው፤ የቃሉ ንባብ ግን ስለ ሥራ የሚናገር ነው። ጥያቄውን ከቆዳዋ አንሥቶ በፀሐይ ላይ ወዳቆሟት ሰዎች ያዞረዋል።

ይህን ይዞ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ቂሊንጦ የሕንፃ ሥራዎች የሄደ አንባቢ የወይን ጠባቂዋን ያገኛታል። በቀን ሥራ የምትተዳደረው ሴት ዓይኖቿ ብቻ እስኪቀሩ ፊቷን በሻሽ ጠምጥማ፣ በላዩ ባርኔጣ ደፍታ፣ በረጅም እጅጌ ሹራብ አሸዋና ሲሚንቶ ስታመላልስ ትውላለች፤ ይህን ያስተማራት ሐኪም የለም፣ ገላዋ ራሱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና አልባሳት እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ አደጋ ሲባል ግን በብዙው ሰው አሳብ የሚመጣው ከላይ የሚወድቅ ድንጋይ እንጂ ከላይ የምትወርድ ፀሐይ አይደለችም። ለዚህም ሰበቡ ለምዶታል፣ ቆዳው ይችለዋል የሚለው አነጋገር ነው።

የዚህን አነጋገር ስሕተት ወንጌል በሌላ ስፍራ ገልጦታል። ፈታኙ ክርስቶስን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲጠይቀው የጠቀሰው፣ በግዕዙ ቁጥር 90ኛውን መዝሙር፣ ማለትም እግዚአብሔር ለታመነበት ሰው መጠጊያ እንደሚሆን የሚናገረውን መዝሙር ነው። መዝሙሩ እውነት ነው፤ ክፋቱ የጥበቃውን ቃል ወደ አደጋ መግቢያ ምክንያት መለወጡ ላይ ነው። ሰው ስለ ራሱ እንዲህ ቢያስብ ድፍረት ይባላል፤ ስለ ሌላው ሰው፣ ያውም ደመወዙን ስለሚከፍለው ሰው፣ ፈጣሪ ቆዳ ሰጥቶታልና ጥላ አያስፈልገውም ብሎ ቢያስብ ግን ከድፍረት የከፋ ነው፤ የፈጣሪን ቸርነት ለራሱ ስስት ማስረጃ አድርጎታልና። ያው መዝሙር የቀትርን ጋኔን ከሚያስፈሩት ነገሮች ጋር መቁጠሩም ሊዘነጋ አይገባም።

ስጦታው ለሁሉ እኩል አለመሰጠቱም ነገሩን ያከብደዋል። አልቢኒዝም ያለባቸው፣ ማለትም ሰውነታቸው ሜላኒን በበቂ የማይሠራላቸው ወገኖች፣ ከዚያው ዘር ተወልደው በዚያው ፀሐይ ሥር ያለ ባርኔጣው ይኖራሉ፤ የቆዳ ካንሰር በወጣትነታቸው ሊይዛቸው ይችላል፤ መከላከያ ቅባትም ለእነርሱ የመዋቢያ ዕቃ ሳይሆን የዕለት መድኃኒት ነው። ለምጽ የወጣበት ሰውም ቀለሙን ባጣው ስፍራ ልክ እንደዚሁ ይቃጠላል። በአንጻሩ ደግሞ ጤነኛውን ጥላ በገንዘብ የሚገፍፉ አሉ። ለሴት ልጅ ‹ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ትጠቁሪያለሽ› የሚባለው ምክር፣ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ ሰውን በቀለም የሚደረድረውን ልማድ ተሸክሞ፣ ፍርሃቱን ከጉዳት ወደ መልክ አዙሮታል፤ ፊት ያቀላል የተባለውን፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ወይም ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒት ያለበትን ክሬም የምትቀባ ወጣት በተፈጥሮ የተደፋላትን ባርኔጣ አውልቃ ጥላ በሌለበት ትቆማለች። ጥቁር ቆዳ ምንም አይነካውም የሚለውና ጥቁረት ያሳፍራል የሚለው ሰው ተቃራኒ ቢመስሉም ሁለቱም ያላዩት አንድ ነገር ነው፤ እርሱም በቆዳው ውስጥ የሚኖረው፣ የሚያመው ሰው ነው።

ጥላ በዚህ ምድር የፍትሕ ስፍራ ሆኖ ኖሯል። የኦሮሞ የገዳ ጉባኤ በኦዳ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ በአማራው አገርም ሽማግሌ የሚያስታርቀው በዋርካ ጥላ ነው። የእስልምና ሐዲስ ከአላህ ጥላ በቀር ጥላ በሌለበት ቀን በዚያ የሚያርፉ 7 ዓይነት ሰዎችን ሲቆጥር የሚጀምረው በፍትሐዊ መሪ ነው። በነነዌ ጾም የሚነበበው ትንቢተ ዮናስም ነቢዩ ጥላ የሆነችለት ቅል ስለ ደረቀችበት ሲያዝን፣ ከፊቱ ስላለችው ከተማ ግን እንዳላዘነ ያሳያል።

በሕንፃ ሥራው ቦታ ሠራተኞች ለምሳ ሲያርፉ ከግንቡ ሥር በምታርፈው ጠባብ ጥላ ላይ ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው፣ እግራቸውን ወደ ራሳቸው ሰብስበው በተርታ ይቀመጣሉ። በጥርና በየካቲት ጥላዋ ለተዘረጋ እግርም ትበቃለች። በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይ በአናት ላይ ስትሆን ግንቡ ጥላ የለውም፤ ያን ጊዜ ሴቶቹ የምሳ ዕቃቸውን ይዘው፣ ሻሻቸውን ሳይፈቱ፣ አሸዋ አራግፎ ከቆመው ከባድ መኪና ሥር ጎንበስ ብለው ይገባሉ።