የተቀደደው ገጽ

በጣና ሐይቅ ዳር ባለው በዘጌ በሬ አይጠመድም። የጥንቱ ልማድ ማረስን ስለሚከለክል የባሕረ ገቡ ሰው የሚኖረው በቡና፣ በጌሾ፣ በሎሚና በማገዶ ነው፤ እህሉን የሚሸምተው ከባሕር ዳር የቅዳሜ ገበያ ነው። ጓዳው ግን ቡናው እስኪደርስ አይጠብቅም። የምነግራችሁ ምሳሌ የሚነሳው ከዚህ ክፍተት ነው።

የደንገል ታንኳ የሐይቁ ዋና መጓጓዣ በነበረበት ዘመን፣ ባሕር ዳር ላይ አንዲት እህል ነጋዴ ነበረች። ለዘጌዎች ጤፍና ዳጉሳ በዱቤ ትሰጣለች፤ እነሱም ቡናቸውን ሲሸጡ ይከፍሏታል። የቄስ ልጅ ናትና ፊደል ቆጥራለች። ዱቤውን በአንድ ወፍራም ደብተር ትጽፋለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ አለ። የወሰደውን በአንድ ወገን፣ የመለሰውን በሌላ ወገን ታሰፍራለች። ሲጨርስ ከታች አንድ መስመር ታሰምርና «ተከፍሏል» ትላለች። ገጹን ግን አታወጣውም።

ከደንበኞቿ መካከል ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። ጎልማሳው ስምንት ዓመት ሙሉ ተበድሮ አንድ ቀን እንኳ አላሳለፈም። ቡናውን የሸጠ ዕለት፣ ገና ለልጆቹ ጨርቅ ሳይገዛ፣ መጀመሪያ የሚሄደው እሷ ዘንድ ነው። ወጣቱም ሁልጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ዓመት ግን ችግር ገጠመው። ቡናውን ጭኖ ሲመጣ ረፋዱ አልፎበት ነበርና የከሰዓቱ ነፋስ ሐይቁ መሀል ላይ ያዘው። ታንኳው ተገለበጠ፤ ቡናው ውሃ በላው። እሱ ደንገሉን ተደግፎ ወጣ። በሦስተኛው ቀን በእግሩ መጥቶ ደጇ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ የማመጣው ነገር የለኝም። እንዳልጠፋሁ እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው የመጣሁ።»

ነጋዴዋ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ደብተሩን አውጥታ በገጹ ጠርዝ በትንንሽ ፊደል ጻፈች፦ «ማዕበል ታንኳውን ገለበጠበት። ራሱ መጥቶ ነገረኝ።» በዓመቱ ግማሹን ከፈለ፤ በሁለተኛው ዓመት ጨረሰ። እሷም መስመሯን አሰመረች።

ዓመታት አለፉ። የጎልማሳው ቡና ደጋግሞ ያዘለትና ከዱቤ ወጣ። የመጨረሻውን የከፈለ ዕለት እንዲህ አላት፦

«እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ከእንግዲህ ዕዳ በቃኝ። ገጼን ቅደጂልኝ።»

«ምነው ወንድሜ፣ ተከፍሏል ብዬ አስምሬበታለሁ እኮ። ምን ያደርግሃል?»

«እኔ ስሞት ያላወቀ ሰው ስሜን እዚህ አይቶ ልጆቼን ዕዳ አለባችሁ ቢላቸውስ? አባቴ በሌላ ሰው ወረቀት የተነሳ ሲንከራተት አይቻለሁ። ስሜ ከዕዳ መዝገብ ይውጣልኝ።»

ለመነችው፤ እምቢ አለ። ስምንት ዓመት ያመነችውን ሰው ማስከፋት ከበዳት። ገጹን ከስፌቱ አጠገብ ቀዳ ሰጠችው። እሱም በእርካታ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ማታ ቤቱ ሲደርስ ምድጃ ውስጥ ጨመረው። እኔ ይህን ሰው አልነቅፈውም። የፈራው እውነተኛ ነገር ነበር።

ነጋዴዋ አርጅታ ሞተች። ሱቁንና ደብተሩን የወረሰው ጎርጎራ ያደገ የልጅ ልጇ ነው፤ ከዘጌ ሰው አንዱንም አያውቅም። በዚያው ሰሞን ቡና ጠፋ። ሁለቱ ጎረቤታሞች፣ አንዱ ሽበት ወርሶት፣ ሌላው ጎልማሳ ሆኖ፣ በአንድ ቀን መጡ።

ልጁ ደብተሩን ገለጠ። የታናሽየውን ገጽ አገኘ፦ የተሰመሩ መስመሮች፣ አንድ የዘገየ ዕዳ፣ በጠርዙ ላይ የአያቱ ትንንሽ ፊደል። ሁለት ጊዜ አነበበው። «እርስዎ አንድ ዳውላ ይውሰዱ» አለ።

ወደ ሽማግሌው ዞሮ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠ።

«አባባ፣ ስምዎ የለም።»

«ኧረ ልጄ፣ ከአያትህ ስምንት ዓመት ተበድሬያለሁ። አንድም ቀን አላሳለፍኩ!»

«ታዲያ የት ገባ?» አለና ጣቱ ከስፌቱ ላይ አንድ የተቀደደ ወረቀት ጫፍ ነካ። ልጁ ፊቱ ተለወጠ። «ይህን ገጽ ማን ቀደደው? ምን ተጽፎበት ነበር?»

ሽማግሌው የሚመልሰው አጣ። «ንጹሕ ነበር» ቢል፣ ንጹሕ ገጽ ማን ይቀድዳል?

በመጨረሻ ልጁ፣ «ዋስ ካለዎት ግማሽ ዳውላ እሰጥዎታለሁ» አለ። ዋስ ሆኖ የቆመለት ያ አንድ ጊዜ የዘገየው ጎረቤቱ ነው። አንድም ቀን ያልዘገየው ሰው በዘገየው ሰው ስም እህሉን ተሸክሞ ወደ ታንኳው ወረደ።

ያ ደብተር ዛሬ በየሱቁ ብቻ አይቀመጥም። ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው፤ በ2012 እና በ2019 እ.ኤ.አ. በወጡት መመሪያዎች መሠረት አበዳሪዎች የተበዳሪን መረጃ ወደዚያ ይልካሉ፣ አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊትም ከዚያው ያያሉ። በ2014 ዓ.ም ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ»ንና «እንደኪሴ»ን ሲጀምር ደግሞ ደብተሩ ስልካችን ውስጥ ገባ፤ ትናንት የተወሰደችው ትንሽ ብድር በጊዜዋ መመለሷ ነገ ስንት እንደምንበደር ይወስናል።

ብድሩን ጨርሶ የዘጋ ሰው ብዙ ጊዜ እንደ ሽማግሌው ያስባል፦ ስሜ ይውጣልኝ። በደንብ ተከፍሎ የተዘጋ ብድር ግን ዕዳ አይደለም፣ ምስክር ነው። ይህ ጉዳይ በቁጥር ተለክቶ በሚታይበት በአሜሪካ፣ በወጉ ተከፍሎ የተዘጋ ሂሳብ በብድር ታሪክ ላይ እስከ 10 ዓመት ይቆያል፤ የተበላሸው በአብዛኛው 7 ዓመት። ፋይኮ የሚባለው ነጥብ ሲሰላ 35 በመቶው አከፋፈልን፣ 15 በመቶው የታሪኩን ርዝመት ያያል። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለ ወገናችን የድሮ የተዘጋ ካርዱ ከመዝገቡ እንዲፋቅለት ሲሟገት፣ ዕድሜውን ራሱ እየቀደደ ሊሆን ይችላል። ሊሟገት የሚገባው ስለ ስህተት ነው፦ ተከፍሎ ሳለ ክፍት ተብሎ ስለተጻፈ፣ ወይም በሌላ ሰው ዕዳ ስሙ ስለገባ። የሽማግሌው ፍርሃትም መድኃኒት ነበረው። ገጹን ከማስቀደድ ይልቅ «ተከፍሏል» የሚለውን ቃል በነጋዴዋ ፊርማ ተቀብሎ ቤቱ ቢያኖር፣ ልጆቹንም ይጠብቅ ነበር፣ ስሙንም። የዛሬው ሰው ክሊራንስ የሚለው ወረቀት እሱ ነው፤ ብድር የጨረሰ ሰው ሳይቀበለው ከባንኩ ደጅ ባይወጣ እመክራለሁ። አንዲት የተረሳች ቅሪት፣ አንድ የወለድ ሳንቲም፣ ተዘግቷል ያልነውን ሂሳብ ክፍት አድርጋ ልታቆየው ትችላለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ነጋዴዋ የመዘግየቱን ምክንያት የጻፈችበት የገጹ ጠርዝ ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በአማራ በተነሳው ግጭት ምክንያት ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ መንገድም በየጊዜው ይዘጋ ነበር። በእነዚያ ወራት ክፍያው የዘገየበት ነጋዴ አለ፣ ገበሬ አለ፣ ባለ ጀልባ አለ። ከፍለው ጨርሰው ይሆናል፤ ሂሳቡም ተዘግቷል። ቁጥሩ የዘገዩበትን ቀን ይናገራል፤ ነፋሱን ለብቻው አይናገርም። ብድር ፈቃጁ መዝገቡን ከፍቶ ያን ቀን ሲያይ፣ ተበዳሪውን ፊት ለፊት አስቀምጦ «በዚህ ዓመት ምን ገጠመዎት?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም ከማመልከቻው ጋር ይጻፍለት።