አጥንት ወይስ አፈር?

ልጁ ሸጋ ነው፤ ሥራ ወዳድ፣ ጠባየ መልካም። ሽማግሌ ይላካል። የልጅቷ ወገን ደግሞ ቀስ ብሎ ያጠያይቃል። “አያቱ እግራቸው ያበጠ ነበር አሉ!” ከተባለ በቃ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። “ዝሆኔ ካለበት ዘር” ማን ደፍሮ ይዛመዳል? ኪራሙ ላይም ይሁን ነቀምት፣ ኦሮሞውም ሆነ አማራው ሲጋባ አጥንት ይቆጥራል።

ለመሆኑ ነገሩ የአጥንት ነው? እዚሁ ወለጋ፣ ጉሊሶ ወረዳ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ከ100 ሰው 3 ያህሉ ታማሚ መሆኑን ገልጿል። በኢትዮጵያ ለዓመታት የደከሙት እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ደግሞ የደጋው ዝሆኔ ትንኝ ከምታመጣው የተለየ መሆኑን አሳይተዋል። መነሻው ቀይ አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው አፈር ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ይሰርግና ዓመት ባመት እየተጠራቀመ የሊምፍ ቧንቧን ይጎዳል።

ታዲያ አንድ ማሳ በባዶ እግራቸው ካረሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይተርፋል? ሽማግሌዎቹ ግማሽ እውነት ያላቸው እዚህ ላይ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ 59 ቤተሰቦች ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ውጤት፣ የታማሚ ወንድም ወይም እህት ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል እንደሚጋለጥ አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው የሰውነትን መከላከያ የሚመሩ አንዳንድ ጂኖች ከበሽታው ጋር እንደሚያያዙ ይፋ አደረጉ።

ግማሽ እውነት ግን አንዳንዴ ከሙሉ ውሸት ይከፋል። የሚወረሰው በሽታው አይደለም፤ አፈሩን የማይችል ገላ ነው። ያ ገላ ከልጅነቱ ጫማ ካደረገ፣ እግሩን ከታጠበ፣ አጥንቱ ምንም ቢሆን ዝሆኔ አይደርስበትም። ለታመመውም ቢሆን ተስፋ አለ፤ ከዓባይ ማዶ፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ የሕመሙን ግርሻ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

እንግዲህ የዘር ዕውቀት ለምን ይጠቅመናል? ለመሸሽ ወይስ ለመጠበቅ? አጥንት ቆጥሮ መሸሽ ለሚሸሸው ወጪ የለውም፤ ዕዳውን የሚከፍለው የተሸሸው ነው። ጫማ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሳሙናም ውኃም እንዲሁ። ለዚህ ይሆን እንዴ አጥንቱ ላይ የምንበረታው? አያቱ የታመሙበት ልጅ ቀድሞ ጫማ ሊገዛለት የሚገባ ልጅ ነው እንጂ ሚስት የሚከለከል አይደለም። ሽማግሌ ሆይ፣ መጠየቅህ ካልቀረ፣ “አያቱ ምን ነበሩ?” ከማለትህ በፊት “ልጁ ጫማ አለው ወይ?” ብለህ ጠይቅ።