ሁለት ደብዳቤዎች

ሥልጣን ሰውን ያበላሻልን? ወይስ በልቡ ተሰውሮ የኖረውን ይገልጣል? የጥንት ሮማውያን ጠቢባን ይህን ጥያቄ ደጋግመው መርምረውታል። እኛም በዚያው መንግሥት፣ በሁለት ዘመናት የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎችን በማነጻጸር እናሰላስለዋለን።

ፈላስፋው ሴኔካ የንጉሠ ነገሥቱ የኔሮን መምህርና አማካሪ ነበር። ኔሮን ገና ወጣት ሳለ «ስለ ምሕረት» የተባለውን መጽሐፍ ጽፎ አበረከተለት። የመጽሐፉ ፍሬ ሐሳብ፣ ሁሉን ማድረግ የሚችል ገዥ ታላቅነቱ የሚታወቀው ራሱን በመግዛቱ ነው የሚል ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምክሩ ብዙ ደም እንዳይፈስ እንደ ከለከለ ታሪክ ጸሐፊው ታኪቱስ ይመሰክርለታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ59 ኔሮን የገዛ እናቱን አግሪጲናን አስገደለ። ሟቿን ወንጅሎ ገዳዩን ንጹሕ የሚያደርግ ደብዳቤም ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተላከ። ያረቀቀው ሴኔካ ነው ተብሎ፣ ሕዝቡ ኔሮንን ትቶ እርሱን አማ። ስለ ምሕረት የጻፈች ብዕር ለነፍሰ ገዳይ ጠበቃ ሆነች። በ65 ደግሞ ኔሮን መምህሩን ራሱን እንዲገድል አዘዘው።

ሁለተኛውን ደብዳቤ የጻፈው የሚላኖ ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስዮስ ነው። በ390 በተሰሎንቄ አንድ የጦር አዛዥ ስለ ተገደለ፣ ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ተቈጥቶ ብዙ ሕዝብ አስፈጀ። አምብሮስዮስም በገዛ እጁ በምስጢር ጻፈለት። ክብሩን ሳይነካ፣ የዳዊትን ንስሐ አስታውሶ፣ ንጉሡ ንስሐ ሳይገባ በፊቱ መሥዋዕተ ቅዳሴን ማሳረግ እንደማይቻለው ገለጠለት። ቴዎዶስዮስም በሕዝብ ፊት ንስሐ ገባ።

ሁለቱን ጸሐፊዎች የለያቸው የእውቀት ማነስ አይደለም። አምብሮስዮስ ራሱ ቀድሞ አገረ ገዥ የነበረ፣ አረማዊው ቺቸሮ ስለ ግዴታ የጻፈውን አርአያ አድርጎ ለካህናት መጽሐፍ ያዘጋጀ ሊቅ ነው። ሴኔካም ክፋትን ለመቀነስ በቤተ መንግሥት መቆየቱን ለመንቀፍ አንቸኩልም፤ ዛሬም ብዙ ቅን ሰዎች ስለዚሁ በአስቸጋሪ ስፍራ ይጸናሉ። ይሁን እንጂ ወሰን አለው። ቃላችንን ለሐሰት እንድናውስ በተጠየቅን ዕለት ክፋትን መቀነሱ ያበቃል፤ ተባባሪነቱ ይጀምራል።

ከአዳም የወረስነው ቁስል በሁላችን ልብ አለ፤ ሥልጣን የሚያደርገው ቁስሉ የሚሰፋበትን ስፍራ መስጠት ነው። እንግዲህ በቁምስናችን የምጽዋት ገንዘብ ሲጓደል፣ ወይም የተከበረ ሰው ድሃውን ሲበድል፣ በደሉን ለሌሎች አሳምረን እንተርክለታለን? ወይስ ለበዳዩ ለራሱ በፍቅር እንነግረዋለን? ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ብርታት የጸጋ ስጦታ ነውና በጸሎት እንለምነው። ኃላፊነት የተሰጠንም የሚገሥጸንን ሰው ከአጠገባችን አናርቅ፤ ቴዎዶስዮስ የዳነው ተግሣጽን ስለ ሰማ ነውና።