ከመንገድ በታች ያለው መሬት የማን ነው?

መንገድ መልካም ነገር ነው፤ ሩቁን ያቀርባል፤ ነጋዴውን ከገበያ፣ በሽተኛውን ከሐኪም ያገናኛል። ነገር ግን በከተማ መካከል በአምድ ላይ ከፍ ተደርጎ የሚሠራ መንገድ ሰውን በሁለት ይከፍለዋል፤ አንደኛው በላዩ የሚያልፈው፣ ሁለተኛውም በሥሩ የሚኖረው ነው። ለላይኛው ጊዜውን ይቈጥብለታል፤ ለታችኛው ግን ፀሓይ የሚከልል ጣራ፣ የማያርፍ ድምፅና ጥራጊ የሚከማችበት ጥግ ይሆንበታል። እንግዲህ በአምዶቹ መካከል የተረፈው መሬት የማን ነው? ነገሩ የመሐንዲስ ጉዳይ ቢመስልም የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በሳን ዲዬጎ ከተማ የሚገኘው ቺካኖ ፓርክ ነው። ባሪዮ ሎገን በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት አብዛኞቹ የሜክሲኮ ተወላጆች ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 አውራ ጎዳና ሰፈሩን ለሁለት ከፈለው፤ ቀጥሎም በ1969 ለተከፈተው ለኮሮናዶ ድልድይ ሲባል ብዙ ቤት ፈረሰ። ለነዋሪዎቹ በድልድዩ ሥር መናፈሻ እንደሚደረግላቸው ተስፋ ተሰጥቷቸው ነበር። ሆኖም ኤፕሪል 22 ቀን 1970 ለመንገድ ፖሊስ ጣቢያ መሬቱን የሚደለድል መኪና መጥቶ ተገኘ። ያን ጊዜ ተማሪውም፣ እናቲቱም፣ ሽማግሌውም ወጥተው 12 ቀን ስፍራውን ሳይለቁ በዶማና በአካፋ እየቈፈሩ ተክል ተከሉበት፤ በመጨረሻም መሬቱ መናፈሻ እንዲሆን ተፈቀደ። ከ1973 ጀምሮ የሲሚንቶውን አምዶች የታሪካቸውን ሥዕል አለበሷቸው፤ በ2016ም ስፍራው በብሔራዊ የታሪክ ቅርስነት ተመዘገበ።

«መሬቱ የመንግሥት ነው፤ መንግሥትም የሁሉ ነውና ለፈቀደው ሥራ ቢያውለው ምን ነውር አለው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ቃሉ እውነት አለበት። ነገር ግን ሁሉ ለሚጠቀምበት ነገር ዋጋውን የከፈሉት ጥቂቶች ከሆኑ፣ እነዚያ ጥቂቶች አስቀድመው ሊጠየቁ ይገባል። ለሌላው መተላለፊያ ሲባል ቤቱ የፈረሰበት ሰው ከመንገዱ ሥር ያለውን ጥላ ቢጠይቅ፣ ዕዳውን ጠየቀ እንጂ ምጽዋት አልለመነም።

በአዲስ አበባም ተሻጋሪ ድልድዮችና በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሐዲድ በአምዶች ላይ በሚያልፉበት ስፍራ እንዲህ ያለ መሬት አለ። ዝናብ ሲመጣ መንገደኛው ይጠለልበታል፤ ሊስትሮው ዕቃውን ይዘረጋበታል፤ መጠጊያ ያጣውም ያድርበታል። ስፍራውን እናሳምር ስንል እነዚህን ሰዎች ከጥራጊው ጋር አብረን እንዳንጠርጋቸው መጠንቀቅ ያሻል። ድኻውን አባሮ አበባ መትከል ለዓይን ደስ ያሰኝ ይሆናል፤ ስፍራውን ግን የሕዝብ አያደርገውም። ለሚያድረው ማደሪያ ፈልጎ፣ ለሊስትሮው ቦታ ለይቶ፣ ከዚያም መብራቱን፣ አግዳሚ ወንበሩንና የሕፃናቱን መጫወቻ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር መክሮ መሥራት ይቻላል።

መንገድ የሚያሠራ ሹም ፕላኑን ከመፈረሙ በፊት በላዩ የሚያልፈውን መኪና ብዛት ይቈጥራል። በሥሩ የሚቀሩትንም ሰዎች በዚያው ወረቀት ላይ ቢቈጥር፣ መንገዱና መናፈሻው በአንድ ቀን በተጀመሩ፣ የሳን ዲዬጎ ሰዎችም ተስፋ የተሰጣቸውን ለማግኘት 12 ቀን ባልደከሙ ነበር።