ለሬሳ መሬት የሚነፍግ ሃይማኖተኛ

ክርስቶስን ለሞት አሳልፈው የሰጡት የካህናት አለቆች እንኳ ይሁዳ በመለሰላቸው 30 ብር መሬት ገዝተው የእንግዶች መቃብር አደረጉት። እኛ ግን እሑድ ሳይጓደል የምናስቀድስ፣ የዓመቱን እኩሌታ የምንጾም ሰዎች፣ አብራን ዕቁብ የጣለች፣ በሐዘናችን እንጀራ ይዛ የደረሰች እናት ስትሞት፣ እምነቷ ሌላ ነው ብለን ሬሳዋን በአይሱዙ ወደ ሌላ ወረዳ እናሰድዳለን። በቅርቡ በአንዲት ትንሽ ከተማ ይህንኑ አየሁ። ወጣቶቹ መንገድ ዘግተው «ጴንጤ አፈራችን ውስጥ አይገባም» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም! ከወጣቶቹ ጩኸት ይልቅ ያንገበገበኝ የሽማግሌዎቹ ዝምታ ነው።

አፈራችን? ማን ሸጠላችሁ? አብርሃም ሣራ በሞተችበት ጊዜ በኬጢ ልጆች መካከል ስደተኛ ነበር። አምላኩ ሌላ፣ አምላካቸው ሌላ። እነሱ ግን ከመቃብራችን ያማረውን ምረጥ አሉት። በአብርሃም ልጅነቱ የሚመካ ሕዝብ እንዴት ከኬጢያውያን ያንሳል?

ነገሩ ወደ ሙስሊሞች ሲዞርም መልሳችሁን አውቀዋለሁ። «መካ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ አክሱም ላይ መስጊድ ይሠራል» ትሉኛላችሁ። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ የነበሩ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ታሠሩ፤ 29ኙ ሴቶች ናቸው። ግፍ ነው ብለን ጮኽን፤ እውነትም ግፍ ነበር። ታዲያ ግፍ ያልነውን ለራሳችን ሕግ የምናደርገው በየትኛው ወንጌል ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው የኢትዮጵያ ክርስትና በሳዑዲ ፖሊስ የሚለካው? ደግሞስ የአክሱም ሙስሊም ለመካ ምን ሥልጣን አለው? በ2017 ዓ.ም. ሂጃብ ለብሰው መጡ ተብለው ከትምህርት ገበታ የተከለከሉት የአክሱም ልጆችስ?

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ በሰላማዊ ሰልፍ ሲወጡ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ይብቃን፣ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ነን ብለው ነበር። አብረዋቸው የተሰለፉ ክርስቲያኖችም ነበሩ። ዛሬ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ በአንቀጽ 27 ማንም በእምነቱ ነጻ ነው ይላል። ወረቀቱ ተጽፏል። ሬሳው ግን ዛሬም አይሱዙ ላይ ነው።

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው በአንድ ሼህ ቀብር ላይ በተነሣ ግጭት ነው። በቀብር ላይ! ቀናት ሳያልፉ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ጎንደር ላይ ድንጋይ ያነሣ ክርስቲያን ወራቤ ያለው ወንድሙ ጥቂት መሆኑን አላሰበም። ወራቤ ላይ እሳት የለኮሰውም እንዲሁ፤ ጎንደር ያለውን ሙስሊም አላሰበም። በዚህች አገር የትም ሄዶ ብዙ የሚሆን ሃይማኖት የለም።

ይህን ሁሉ የሚያራግቡት ደግሞ ነጠላ አጣፍተው ወይም ቆብ ደፍተው ቲክቶክ ላይ የሚቀመጡ «መምህራን» ናቸው። አባቶቻችን ቁራሽ ለምነው፣ ከውሻ ታግለው፣ ስንት ዓመት ጉባኤ ቤት ከርመው ነበር አፋቸውን የሚከፍቱት። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ሊቅ ነው። የሌላውን እምነት ሰድቦ «ስጦታ ላኩልኝ» ይላል፤ እናንተም ትልካላችሁ! ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ የነሣ እጅ ለተሳዳቢ ገንዘብ ይልካል።

የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የመስጊድ ኮሚቴዎች፣ የዕድር ዳኞች፣ ለእናንተ ነው የምናገረው። ለሆቴልና ለነዳጅ ማደያ ቦታ የሚሰጥ ማዘጋጃ ቤት ለመቃብር መሬት የለኝም ቢላችሁ አትመኑት። ነገ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ቁሙ። የምትለምኑት ለራሳችሁ ሙታን አይደለም፤ መቃብር ለተነፈገው ጎረቤታችሁ ለምኑ። ቦታው እስኪገኝም ከራሳችሁ ግቢ ከፍላችሁ ስጡ።