ከአዳማ ሽቅብ ጠፈር የት ይጀምራል?

ከአዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ ውሃውን ጠጥቶ ሲጨርስ ባዶውን ሃይላንድ ቱሉ ዲምቱ ላይ አጥብቆ ቢከድነው፣ አዳማ ሲገባ ጎኑ ጎድጎድ ብሎ ያገኘዋል። ማንም አልጨበጠውም። መኪናው ቁልቁል በወረደ ቁጥር ከላይ የሚጫነው አየር ስለጨመረ፣ በደጋ አየር የታሸገው ፕላስቲክ የቆላውን አየር መመከት አቅቶት ነው። ጆሮም በዚያው መንገድ ላይ ጭው ይላል።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ቁልቁል ተወርዶ የሚደረስባት ከተማ ስለሆነች ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለች አትመስልም እንጂ፣ በከተማዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼድ ውስጥ ስፌት ላይ የተቀመጠች ሠራተኛ የምድር አየር በክብደት ሲለካ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ከእግሯ በታች ትታው ነው የምትውለው። ለሻይ የሚጣደው ውሃ እዚያ 95 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። 3,200 ሜትር ላይ ያለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሲደረስ ደግሞ ከአየሩ አንድ ሦስተኛው ታች ቀርቷል። ከባሕር ጠለል 5.5 ኪሎ ሜትር ሲወጣ ግማሹ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ይሳሳል፣ ይሳሳል፤ ጥያቄው የት ላይ ያበቃል የሚለው ነው።

በብዛት የሚጠቀሰው መልስ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው ርቀት ነው ማለት ይቻላል፤ መንገዱን ሽቅብ ቢያቆሙት ጫፉ ጠፈር ይነካል። መስመሩ የሚጠራው በሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ በሠራው መሐንዲስ በቴዎዶር ፎን ካርማን ስም ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር አውሮፕላን በክንፉ ተደግፎ ለመቆየት የግድ ይበልጥ መፍጠን አለበት። ከሆነ ከፍታ በኋላ የሚያስፈልገው ፍጥነት ሳተላይት ምድርን ለመዞር ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ይሆናል፤ ያኔ ክንፍ ትርፍ ዕቃ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው። 100 የሚለው ቁጥር ግን ለመያዝ የቀለለ ድፍን ቁጥር ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን በ100 ሲጸና፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ከ50 ማይል ማለትም ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የበረረ አባሉን ጠፈርተኛ ይለዋል። እ.ኤ.አ በሐምሌ 2021 ባለጸጋው ሪቻርድ ብራንሰን 86 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥቶ ሲመለስ፣ ከቀናት በኋላ 107 ኪሎ ሜትር የወጣው የጄፍ ቤዞስ ኩባንያ የእኛ መንገደኞች ጠፈርተኝነታቸው ማብራሪያ አያሻውም እያለ ይፎካከር ነበር። ሁለት ባለጸጎች የተነቋቆሩት አየሩ ራሱ በማያውቀው መስመር ላይ ነው።

አየሩ አያውቀውም የሚባለው ለማጋነን አይደለም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖም አየር እየጎተተው ዝቅ ስለሚል በየጊዜው በሞተር ይገፋል። እ.ኤ.አ በየካቲት 2022 ፀሐይ የቀሰቀሰችው ማዕበል የላይኛውን አየር አሙቆ ሲያሳብጠው፣ ስፔስኤክስ በአንድ ጊዜ ካመጠቃቸው 49 ሳተላይቶች እስከ 40 የሚሆኑት ተጎትተው ወደቁ። የአየሩ ጣሪያ ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና ያመጠቀችው ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 የተመደበላት ምሕዋር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ እዚያም ቢሆን ጨርሶ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ ከምድር የሚነሳው የሃይድሮጅን ደመና እስከ 630,000 ኪሎ ሜትር እንደሚዘረጋ አሳየ። ጨረቃ ያለችው 384,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ ጨረቃን የረገጡት ሰዎች በዚህ ሚዛን ከምድር አየር አልወጡም!

ከዚህ ተነስቶ «ወሰን ከሌለ ልዩነትም የለም» የሚል ይኖራል። የጥንት ግሪኮች ከክምር እህል አንዲት አንዲት ፍሬ እያነሱ ክምርነቱ የሚቀረው ስንተኛዋ ላይ ነው ብለው የተከራከሩበት እንቆቅልሽ ይኸው ነው። ነገር ግን መስመሩን ሰው ስላሰመረው ብቻ ሐሰት አይሆንም። የኢንዱስትሪ ፓርኩን አጥር ማየት ይበቃል። አፈሩ ከውስጥም ከውጭም አንድ ነው፤ በከተማዋ ዙሪያ የነፋስ ተርባይኖቹን የሚያዞረው ነፋስ አጥሩን ሳያስፈቅድ ይሻገራል። ሆኖም ወደ ፓርኩ ለኤክስፖርት ልብስ የሚገባ ጨርቅ ከቀረጥ ነፃ ነው፤ ያው ጨርቅ በሩን አልፎ ወደ መርካቶ ቢሄድ ቀረጥ ይጠየቅበታል። አጥሩን የተከለው ሰው ነው፣ ውጤቱ ግን እውን ነው። ስለዚህ ስለ ጠፈር ወሰን ሲጠየቅ «ለምን ጉዳይ?» ብሎ መመለስ ማምለጥ አይደለም።

ሃይማኖት ጋ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ በ1961 ዩሪ ጋጋሪን ምድርን ዞሮ ሲመለስ «እግዚአብሔርን አላየሁም» አለ እየተባለ ለዓመታት ተወርቷል። በተመዘገበው የበረራ ንግግሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል የለም። ቢልስ ኖሮ ምን ያረጋግጥ ነበር? በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት እግዚአብሔር በሁለተኛው ቀን ውሃውን ከፍሎ ጠፈርን አጸና፤ ከጠፈር በላይ ሐኖስ የሚባለው ውሃ አለ። ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት ከጠፈር በታች ናቸው። ኤረር፣ ራማና ኢዮር የመላእክት ከተሞች ሆነው፣ ከእነርሱ ጀምሮ እስከ ጽርሐ አርያም ድረስ ሰባቱ ሰማያት ይቆጠራሉ። ቁርኣንም ስለ ሰባት ሰማያት ይናገራል፤ ከዋክብት መብራት ሆነው ያጌጡት የቅርቢቱን ሰማይ ነው። የሁለቱ ምእመናን በአዳማ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ እዚህ ላይ ይገጥማሉ። ዓይን የሚያየው ኮከብ ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ሰማይ አላለፈም። እንግዲህ ሮኬት የትኛውንም ያህል ቢወጣ፣ አማኙ በሚያውቀው አቆጣጠር አንዲት ደረጃ እንኳ አልወጣም። ይህን እንደ ማመካኛ የሚያይ ሊኖር ይችላል። ግን ትምህርቱ ከሮኬት በፊት የነበረ ነው፤ ለክርክር ሲባል ትናንት የተፈለሰፈ አይደለም።

በግእዝ ብቻ ምሉዕ ሆኖ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ ሰማይን በበሮች ይገልጸዋል፦ ፀሐይ የምትወጣባቸው ስድስት በምሥራቅ፣ የምትገባባቸው ስድስት በምዕራብ። ለነፋሳትም አሥራ ሁለት በሮች አሉ፤ ከፊሎቹ በረከት፣ ከፊሎቹ መቅሠፍት ያወጣሉ። ደራሲው የፀሐይን መንገድ እየተከታተለ የቀኑን ርዝመት በክፍል በክፍል ያሰላል፤ ለመለካት ሰንፎ አይደለም እንግዲህ። ወሰን ሲያበጅ ግን የሚያስበው ማን ምን ላይ ተሾመ፣ በየትኛው በር ምን ይወጣል የሚለውን ነው። በዋቄፈና ደግሞ ዋቃ ፈጣሪም ሰማይም ነው። ሆኖም ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ በኢሬቻ የሚሰበሰበው ሕዝብ የምስጋናውን እርጥብ ሣር የሚያስቀምጠው ውሃው ላይ ነው። ወደ ሰማይ ለመቅረብ ተራራ መውጣት ብቻ ነው የሚያዋጣው ያለ የለም።

ስለዚህ የመስመሩ መጥፋት አማኙን እንቅልፍ አይነሳውም። እንቅልፍ ሊነሳ የሚገባው ሕግ አውጪውን ነው። እ.ኤ.አ በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉ ሥልጣን አለው ይላል። እ.ኤ.አ በ1967 የተፈረመው የጠፈር ስምምነት ደግሞ ጠፈር የማንም አገር ግዛት አይሆንም ይላል። የመጀመሪያው የት አብቅቶ ሁለተኛው የት እንደሚጀምር ሁለቱም አይናገሩም። እ.ኤ.አ በ1976 ኬንያና ኡጋንዳን ጨምሮ የምድር ወገብ አገሮች ቦጎታ ላይ ተሰብስበው ከአናታችን በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሳተላይት ምሕዋር የእኛ ነው ብለው ነበር። ኃያላኑ አልተቀበሏቸውም። ጥያቄያቸው ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ጣሪያው የት እንደሆነ ያልተነገረው ባለቤት እስከ የት ድረስ ይጠይቅ?

እ.ኤ.አ በ2023 መጀመሪያ የቻይና ፊኛ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አሜሪካን ሲያቋርጥ ተገኘና አየራችን ተደፈረ ተብሎ በሚሳይል ተመታ። ፎቶ የሚያነሳ ሳተላይት ግን በ600 ኪሎ ሜትር ያንኑ አገር በየዕለቱ ቢሻገር ከልካይ የለውም። ኢቲአርኤስኤስ-1ም ምስሏን ወደ እንጦጦ ስትልክ የጎረቤት አገሮችን ፈቃድ አልጠየቀችም። በእነዚህ ሁለት ከፍታዎች መሐል፣ በተለይ ከ20 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ፣ ለወራት የሚንሳፈፉ ፊኛዎችና በፀሐይ ኃይል የሚበሩ ሰው አልባ አውሮፕላኖች እየተሞከሩ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጠፈር ኮሚቴ ወሰኑ ይሰመር አይሰመር የሚለውን እ.ኤ.አ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እየተነጋገረበት ነው፤ መስመር አያስፈልግም ባዮቹ ውስጥ ብዙ ሳተላይት ያላቸው አሉ።