ማረፍ መክዳት ነውን?

ውድ እህቴ፣ ይህን ጽሑፍ ምናልባት በሌሊት እያነበብሽው ይሆናል። ስልክሽ አጠገብሽ ነው። አንዲት ልጅ ቤት ውስጥ ስለሚደርስባት በደል ስትነግርሽ አምሽታለች። ከዚያ በፊት የተገደለች ሴት ፎቶ አይተሻል፤ ከሥሩም “ምን አድርጋው ነው?” የሚሉትን አንብበሽ ለአንዳንዶቹ መልስ ሰጥተሻል። አሁን ዐይንሽ ይቆጠቁጥሻል፤ ስልኩን ግን ማጥፋት አልቻልሽም። “እርሷ ሳትተኛ እኔ እንዴት እተኛለሁ?” ትያለሽ።

ጥያቄውን አውቀዋለሁ። በአጥቢያችን የእህቶች ኅብረት ሳገለግል፣ ለሁለት ዓመት ያህል የተበደሉ ልጆች የሚደውሉት ለእኔ ነበር። መጀመሪያ አብሬያቸው አለቅስ ነበር። እየቆየ ማልቀስ አቆምሁ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስታወራኝ፣ ልቤ “ቶሎ ጨርሺ” ሲል ሰማሁት። በራሴ ደነገጥሁ። ለተበደሉት ብዬ እንቅልፌን ትቻለሁ፤ የተበደለችው ስትመጣ ግን የምሰጣት ልብ አልነበረኝም።

ራስሽን ፌሚኒስት ብለሽ ትጠሪ ይሆናል፤ ወይም ስሙ አይመችሽ ይሆናል፣ ግን ሴት ልጅ በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥራ እንደ ዕቃ ስትቆጠር ዝም ማለት አትችዪም። በሁለቱም መንገድ ጥያቄው ያው ነው፦ በደል ሳያርፍ፣ በደልን የሚቃወም ሰው ማረፍ ይገባዋልን?

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ማረፍ ማለት ዝም ማለት አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እንኳ ለተደበደበች ሚስት “ቻዪው፣ ጸልዪበት” ብለን የሸኘናት ጊዜ አለ። ያ ዕረፍት አይደለም፤ በእርሷ ሕመም የእኛን ሰላም መግዛት ነው። እኔ የምልሽ ዕረፍት በማግስቱ ወደ ሥራው የሚመለስ ሰው ዕረፍት ነው።

ነቢዩ ኤልያስን አስቢው። በቀርሜሎስ ተራራ ያን ሁሉ ድል ካየ በኋላ በኤልዛቤል ዛቻ ሸሸ። አገልጋዩን በቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። በመልአኩ እጅ እንጎቻና ውኃ ላከለት። በላ፣ ተመልሶም ተኛ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና። ስለ ተልእኮው የተነገረው ከዚያ በኋላ፣ በኮሬብ ነው።

በኮሬብ ምን እንዳለ ልብ በዪ፦ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ አለ። መልሱ ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች አሉ የሚል ነበር፤ ኤልሳዕንም ቀብቶ በእግሩ እንዲተካ ተነገረው። የኤልያስ ድካም እውነት ነበር፤ “እኔ ብቻ” ማለቱ ግን ስሕተት ነበር። እንቅልፍ የሚነሣን ብዙ ጊዜ ይህ አሳብ ነው። ስንመረምረው ውስጡ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ትንሽ ትዕቢትም አለበት፤ ዓለሙን የያዝሁት እኔ ነኝ የሚል።

በአገራችን የሆነውንም ተመልከቺ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስቱ እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። የቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠልፎ ያገባ ሰው ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። የቤተሰብ ሕጉ የተሻሻለው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳዳውን የዘጋው አዲሱ የወንጀል ሕግም ሥራ ላይ የዋለው በ1997 ነው። በመካከሉ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ጽፈዋል፣ ተከራክረዋል፣ ሰልፍ ወጥተዋል። በከምባታ ደግሞ ቦጋለች ገብሬ ከእህቷ ጋር ድርጅት መሥርታ የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ማኅበረሰቡን እያሰባሰበች ከ20 ዓመት በላይ አወያየች፤ በ2019 እ.ኤ.አ. እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ። እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ ሌሊት ንዴት አያልቅም፤ በአንድ ሰው ትከሻም አይቆምም። ዓመታትን የሚፈልግ ሥራ፣ ዓመታትን መቆየት የሚችል ሰው ይፈልጋል።

“ይህ ሁሉ ደህና፤ ግን ልጅቷ የደወለችው ዛሬ ማታ ነው” ብትዪኝ፣ እውነትሽን ነው። ማርቆስ በምዕራፍ ስድስት ስለዚህ ይናገራል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ጥቂት እንዲያርፉ ወደ ምድረ በዳ ወሰዳቸው፤ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበርና። ሲደርሱ ግን ሕዝቡ ቀድሟቸው ነበር። ጌታም አዘነላቸው እንጂ አላባረራቸውም። እንግዲህ የሚቋረጥ ዕረፍት አለ። ነገር ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ ንባብሽን ቀጥዪ፦ ካበላቸው በኋላ ሕዝቡን አሰናብቶ ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። ቢቋረጥበትም አልተወውም። ምናልባት ከእኛ የሚፈለገው ይህ ነው። የሞት አደጋ ያለባትን ልጅ ሌሊትም ቢሆን አትተያትም፤ ለሚያስጥላት ሰው ታደርሻታለሽ። ነገ ግን ዕረፍትሽን ትመለሽበታለሽ፤ ያለ ኀፍረት።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ዘዳግም ምዕራፍ አምስት ላይ ሰንበት ሲታዘዝ፣ ምክንያቱ እስራኤል በግብፅ ባሪያ እንደ ነበረ ማስታወስ ነው። ትእዛዙም ለጌታው ብቻ ሳይሆን ለወንዱም ለሴቲቱም አገልጋይ በስማቸው ተሰጠ፤ ከጌታቸው እኩል እንዲያርፉ። ፈርዖን የማያሳርፍ ጌታ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ዕረፍትን መብት አደረገው። እንግዲህ ማረፍ ከትግሉ መሸሽ አይደለም፤ የምትታገዪለት ነገር ራሱ ነው።

ከሆነ ግን ጠይቂ፦ እኔ እሑድ ከአምልኮ ተመልሼ ጋደም ስል፣ ወጥ የሚሠራው ማን ነው? በብዙዎቻችን ቤት አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በየሳምንቱ ከ24 ሰዓት የማያንስ ዕረፍት ይሰጣል፤ የቤት ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ ጥላ ሥር አልገባችም። ሕጉ ያልጠራትን ልጅ ሙሴ ጠርቷታል። ስለ ሴቶች መብት ጽፌ ደክሞኝ ስተኛ፣ እርሷ ግን ከንጋት እስከ ሌሊት ከቆመች፣ ዕረፍቴን የከፈለችልኝ ሌላ ሴት ናት። እኔ ይህን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ቤታችን ያለችው ልጅ እሑድን ለራሷ ካገኘች ወዲህ ድስቱ የእኔና የወንድሞቼ ሆኗል። መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ አሁን ሽሮ መሥራት ይችላሉ።

ስለዚህ ብቻሽን አትረፊ፤ ተራ ግቡ። በኅብረታችሁ የተበደሉትን የሚሰሙ ሁለት ሦስት እህቶች ይኑሩ፤ የማን ሌሊት እንደ ሆነ ይታወቅ፤ ተራዋ ያልሆነችው ስልኳን ትዝጋ። ለሕግና ለሕክምና ጉዳይ የሚያውቁ ሰዎችን አስቀድማችሁ ፈልጉ። አንቺም ሰሚ አይጥፋብሽ፤ የሰማሽው ሁሉ ውስጥሽ አይደር።

ወንድሜ፣ አንተም ይህን እያነበብህ ከሆነ፣ እህትህን “ለምን አታርፊም?” ብሎ መምከር ቀላል ነው። ከስብሰባ በኋላ ብርጭቆውን አንተ እጠብ። ጓደኛህ በሴት ላይ ሲቀልድ መልስ የምትሰጠው አንተ ሁን። ያን ቀን እርሷ ሳትናገር ታርፋለች።

አንቺ እህቴ፣ የልጅቷን ስም በጸሎት ለጌታ ስጪውና ስልኩን አስቀምጪው። እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛምና አንቺ ብትተኚ ተረኛ አይጠፋም። ነገ ስትመጣ፣ “ቶሎ ጨርሺ” የማይል ልብ ያስፈልጋታል።